«ጠፋ»፣ «ተቋረጠ»፣ «ተነጠለ»
ስለሚርገበገቡ ቆጣቢ አምፖሎች፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያና ስለ አማርኛ ስያሜያቸው

1. መግቢያ

በአማርኛ «መብራት» የሚለው ቃል ሦስት ፍች ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛ ብርሃኑን፣ ሁለተኛ ብርሃን ሰጪውን ዕቃ፣ ሦስተኛ ዕቃው የሚሠራበትን የኤሌክትሪክ ኃይል ያመለክታል። «መብራት ጠፋ» የተባለ እንደሆነ የአንድ ክፍል አምፖል ጠፍቶ ይሁን የመላው ሠፈር ኃይል ተቋርጦ ሰሚው የሚለየው ከዐውዱ ነው። «ማብሪያ ማጥፊያ» የሚለው ስያሜም የተገኘው ከዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ መሣሪያውን የሰየምነው በሽቦው ላይ በሚፈጽመው ተግባር ሳይሆን በዐይናችን በምናየው ውጤት ነው።

ይህ የፍች መደራረብ ለረጅም ዘመን ችግር አላስከተለም። በተለመደው ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ ሁለት የብረት ምላሶች ይገናኛሉ ወይም ይለያያሉ። ሲለያዩ ኮረንቲው ይቋረጣል፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ ብርሃኑ ይጠፋል። ስለዚህ «ጠፋ» ያለ ሰው «ተቋረጠ» ማለቱ ነበር። በስልክ፣ በሰዓት፣ በእንቅስቃሴ ወይም በብርሃን መጠን የሚታዘዙት ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ መኖሪያ ቤት ከገቡ ወዲህ ግን ሁለቱ ቃላት ተለያይተዋል። ብርሃኑ ጠፍቶ ሳለ ኮረንቲው ያልተቋረጠበት ሁኔታ ተራ ነገር ሆኗል። ለዚህም ዋነኛው ምስክር ብዙ ተጠቃሚዎች የሚያማርሩበት ክሥተት ነው፤ ይኸውም ቆጣቢ አምፖል ከጠፋ በኋላ በጨለማ ብልጭ ድርግም ማለቱ፣ ወይም በርቶ ሳለ መርገብገቡ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክሥተቱን አሠራር በአጭሩ ገልጾ፣ ለልዩ ልዩ መልኮቹ በቋንቋችን ውስጥ ያሉትን ቃላት መለየት፣ ተርጓሚዎችም የመሣሪያ መመሪያ ሲያዘጋጁ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡትን አቻ ቃላት ማመልከት ነው። መነሻ ሐሳባችን አንድ ነው፤ የክሥተቱን መንሥኤ ያላወቀ ተርጓሚ ትክክለኛውን ግስ ሊመርጥ አይችልም፤ በኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ የተሳሳተ ግስ የሰው እጅ ያቃጥላል፣ ሕይወትም ያሳልፋል።

2. አምፖሉ ለምን ይርገበገባል?

ቀጭን ክሩ በሙቀት ግሎ የሚያበራውን አሮጌ አምፖል «ባለክር አምፖል» እንበለው። በ220 ቮልት የሚሠራ 60 ዋት ባለክር አምፖል ሲበራ 273 ሚሊአምፔር ያህል ኮረንቲ ይወስዳል። ክሩ ሲቀዘቅዝ ለኮረንቲ ያለው እንቢታ እጅግ ስለሚቀንስ፣ አንድ ሚሊአምፔር ቢያልፍበት አይሞቅም፣ አይበራምም። ጥቂቱ ኮረንቲ ዱካ ሳይተው ያልፋል ማለት ነው።

ቆጣቢ አምፖል ከዚህ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ያከፋፈላቸው ጠምዛዛ የፍሎረሰንት አምፖሎችም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የተስፋፉት ኤልኢዲ አምፖሎች በእንገታቸው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዑደት አላቸው። ይህ ዑደት ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ በካፓሲተር ያጠራቅማል። ካፓሲተሩ ጠብታ በጠብታ እንደሚሞላ እንስራ ነው፤ የሚገባው ኮረንቲ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን ይዋል ይደር እንጂ ይሞላል። ሲሞላም አምፖሉ ለቅጽበት ይበራና የተጠራቀመውን ጨርሶ ይጠፋል፤ ከዚያም መሙላቱ እንደገና ይጀምራል። አምፖሉ በየጥቂት ሴኮንዱ ብልጭ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ያ ጥቂት ኮረንቲ ከየት ይመጣል? በብዙ ቤቶች ከግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ድረስ የሚመጡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ፌዙ ሲሆን ሁለተኛው ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ነው። ኒውትራሉ ሽቦ ወደ አምፖሉ የሚደርሰው በጣሪያው በኩል ስለሆነ በማብሪያው ሣጥን ውስጥ አይገኝም። ለተለመደው ማብሪያ ማጥፊያ ሁለቱ ሽቦዎች ይበቁታል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ትእዛዝ ለመጠባበቅ ዘወትር ንቁ መሆን ስላለበት የራሱ ቀለብ ያስፈልገዋል፤ ኒውትራል ካላገኘም ቀለቡን የሚስበው በአምፖሉ በኩል ነው። አምፖሉ «ጠፍቶ» ሳለ የዚህ ቀለብ ኮረንቲ በውስጡ ያልፋል። በማብሪያ ማጥፊያው ላይ ያለች ትንሽ አመልካች መብራትም ተመሳሳይ ውጤት ልታስከትል ትችላለች። ሽቦዎች ረጅም ርቀት ጎን ለጎን በሚሄዱበት ቤትም አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ኤሌክትሪካዊ ተጽዕኖ ኤልኢዲ አምፖልን በደብዛዛው ሊያበራ ይበቃል።

3. አምስቱ መልኮችና ስያሜያቸው

በእንግሊዝኛ ጽሑፎች እነዚህ ሁሉ ክሥተቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይጠራሉ። አማርኛ ግን ስለ ብርሃን ሁናቴ የሚናገሩ «አለ» ተከል ግሶች የበዙለት ቋንቋ ነው። ተርጓሚው አንዱን ቃል በሁሉም ቦታ ከመደጋገም ይልቅ ይህን ሀብት ቢጠቀምበት ለአንባቢውም ለጠጋኙም ይረዳል፤ እያንዳንዱ መልክ የየራሱ መንሥኤና መፍትሔ አለውና።

ሀ) ብልጭ ድርግም ማለት። አምፖሉ ከጠፋ በኋላ በየጊዜው ለቅጽበት የሚያሳየው ብርሃን ነው። «ብልጭ» የብርሃኑን ድንገተኛ መውጣት፣ «ድርግም» ድንገተኛ መጥፋቱን በአንድነት ይገልጻሉ። መንሥኤው ከላይ የተመለከተው የካፓሲተር መሙላትና መራገፍ ነው።

ለ) ጭላንጭል። አምፖሉ ከጠፋ በኋላ ሳያቋርጥ የሚታይ ደካማ ብርሃን ነው። በብዛት የሚታየው በኤልኢዲ አምፖል ላይ ነው። መንሥኤው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሲሆን ልዩነቱ የሚመጣው ከአምፖሉ የውስጥ ዑደት ነው። አንዳንድ የውጭ ጽሑፎች ይህን ብርሃን በመንፈስና በሙት ጥላ ስለሚመስሉት «የመንፈስ ብርሃን» ብሎ መተርጎም ሊያጓጓ ይችላል። ነገር ግን «ጭላንጭል» ሳለን እንግዳ ዘይቤ መዋስ አያስፈልግም።

ሐ) መርገብገብ። አምፖሉ በርቶ ሳለ ብርሃኑ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ቃሉ ለዐይን ቆብ፣ ለሰንደቅ ዓላማና ለነበልባል የተለመደ ስለሆነ ለዚህም በሚገባ ይስማማል። ዋነኛው ምክንያት የብርሃን መመጠኛው ከአምፖሉ ጋር አለመስማማቱ ነው። መመጠኛው በ50 ኸርትዝ መሥመር ላይ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሞገዱን ከፊል እየቆረጠ ይጥላል። ለዚህ የሚያገለግለው የተለመደ መሣሪያ በርቶ ለመቆየት በዐሥራት የሚቆጠር ሚሊአምፔር የሚሻ ነው። የ9 ዋት አምፖል አማካይ ፍጆታ 41 ሚሊአምፔር ያህል ስለሆነ፣ ይህም በተቆራረጠ መልክ ስለሚወሰድ፣ መሣሪያው ያለጊዜው ይለቃል።

መ) ቦግ እልም ማለት። አምፖሉ ለሴኮንዶች ወይም ለደቂቃዎች በርቶ መልሶ የሚጠፋበት፣ ከዚያም እንደገና የሚበራበት ሁኔታ ነው። በአምፖሉ በኩል የሚያልፈው ኮረንቲ ለማብሪያው ቀለብ የማይበቃ ከሆነ ማብሪያው ራሱ ጠፍቶ እንደገና ሊነሣ ይችላል። በብርሃን መጠን የሚታዘዝ መሣሪያ ደግሞ የገዛ አምፖሉን ብርሃን አይቶ «ነግቷል» ብሎ ያጠፋል፤ ሲጨልምበትም መልሶ ያበራል።

ሠ) ስውር መርገብገብ። ዐይን በቀጥታ የማያየው፣ ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የሚጋለጥ ነው። ዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቴክኒክ ማስታወሻ በዚህ መስክ ሦስት ፅንሰ ሐሳቦችን ለይቷል። ተመልካቹም አካባቢውም ሳይንቀሳቀሱ የሚታየው አንዱ ነው። ተመልካቹ ቆሞ ዕቃ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ሁለተኛው ነው፤ የሚሽከረከር ማራገቢያ የቆመ ወይም ወደ ኋላ የሚዞር የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። ዐይን ራሱ ሲንቀሳቀስ አንዱ ብርሃን ተደርድሮ የሚታይበት ሦስተኛው ነው። ለእነዚህ በቅደም ተከተል «መርገብገብ»፣ «የቆመ መስሎ መታየት» እና «ተደርድሮ መታየት» የሚሉትን እናቀርባለን። ሁለተኛው በፋብሪካ ውስጥ የሚሽከረከር መሣሪያ የቆመ አስመስሎ ሠራተኛን ሊያስት ስለሚችል ከመጀመሪያው ጋር መደባለቅ የለበትም።

4. የምርመራው ቅደም ተከተል

የመላ ፍለጋ መመሪያ የሚተረጉም ሰው የምርመራውን ሎጂክ ቢያውቅ ዐረፍተ ነገሮቹን በትክክል ያያይዛል። ቅደም ተከተሉ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ አምፖሉ ችግሩን የሚያሳየው በርቶ ሳለ ነው ወይስ ጠፍቶ? ጠፍቶ ከሆነ ጉዳዩ የቀለብ ኮረንቲ፣ በርቶ ከሆነ በብዛት የመመጠኛ ወይም የጭነት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ የቤቱ አምፖሎች ሁሉ በአንድነት የሚርገበገቡ ከሆነ ጥፋቱ የማብሪያው አይደለም። የላላ ኒውትራል ወይም የመሥመር ችግር ሊሆን ስለሚችል ያለ መዘግየት ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አምፖሉ በተለመደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚታዘዝ ሌላ ቦታ ይሞከራል፤ እዚያም ከተርገበገበ ጉድለቱ የራሱ ነው። አራተኛ፣ በቦታው ባለክር አምፖል ገብቶ ችግሩ ከጠፋ የማብሪያውና የቆጣቢው አምፖል አለመስማማት ተረጋገጠ ማለት ነው። አምስተኛ፣ በአምፖሉ ማሸጊያ ላይ ብርሃኑ የሚመጠን መሆን አለመሆኑ ይነበባል፤ አብዛኞቹ ጠምዛዛ የፍሎረሰንት አምፖሎች የማይመጠኑ ናቸው።

መፍትሔዎቹም እንደ መንሥኤው ይለያያሉ። አስተማማኙ ኒውትራል ሽቦ እስከ ማብሪያው ሣጥን አምጥቶ በኒውትራል የሚሠራ ዐይነት መትከል ነው። ይህ ካልተቻለ ለማብሪያው በአምራቹ የተፈቀደ «ማሳለፊያ» ከአምፖሉ ጎን ለጎን ይገናኛል። ማሳለፊያ ብዙውን ጊዜ ለመሥመር ቮልቴጅ የተሠራ ካፓሲተር የያዘ ሲሆን ተግባሩ የቀለቡን ኮረንቲ አምፖሉን ሳይነካ ማሳለፍ ነው። ለምሳሌ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ50 ኸርትዝ የሚያሳየው እንቢታ 32 ሺህ ኦም ያህል ነው። ይህም ለጥቂቱ ኮረንቲ የቀለለ መንገድ ሲከፍትለት የሚያባክነው ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለሚርገበገብ አምፖል ደግሞ ለኤልኢዲ የተሠራ መመጠኛና ብርሃኑ የሚመጠን አምፖል በአንድነት መመረጥ አለባቸው። በሣጥኑ ውስጥ የሚደረግ ማናቸውም ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

5. አሳሳች አቻ ቃላት

ክፍትና ዝግ። በአማርኛ ሬዲዮም ውሃም «ይከፈታል»፤ የተከፈተ ነገር የሚፈስ፣ የሚሠራ ነገር ነው። በምሕንድስና ግን «ክፍት ዑደት» ኮረንቲ የማያልፍበት፣ «ዝግ ዑደት» የሚያልፍበት ነው። የእኛ አነጋገር ምሳሌው ቧንቧ ነው፤ የመሐንዲሱ ምሳሌ ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ሲገጥም ይታለፍበታል፣ ሲከፈት ይቆማል። ስለዚህ «ማብሪያውን ዝጋ» ተብሎ ቃል በቃል የተተረጎመ ትእዛዝ አንባቢውን ተቃራኒውን ያሠራዋል። በመመሪያ ውስጥ «አገናኝ» እና «አቋርጥ» የሚሉት ግሶች ከዚህ ስሕተት ያድናሉ።

ኒውትራልና የመሬት ሽቦ። «ገለልተኛ ሽቦ» የሚለው ትርጉም ለሰዋስው ቢስማማም ሽቦውን ጉዳት የሌለው ያስመስለዋል። ኒውትራል ግን ኮረንቲ ተሸካሚ ነው፤ በአንድ ቦታ ቢበጠስ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በባለሙያው አንደበት የኖረውን «ኒውትራል» መያዙ ይሻላል። ከዚህም የከፋው ወጥመድ በአሜሪካ ጽሑፎች ውስጥ አለ። እዚያ ኒውትራሉ «ከመሬት የተያያዘው»፣ የጥበቃው ሽቦ ደግሞ «ከመሬት የሚያያይዘው» ተብለው በአንድ ቃል ጫፍ ብቻ ይለያሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ የመብራት ማብሪያ ባለበት ቦታ የመጀመሪያው ሽቦ እንዲገኝ ሲያዝ የተጠቀመው በዚሁ ስያሜ ነው። ሁለቱም «የመሬት ሽቦ» ተብለው ከተተረጎሙ በዚያ አገር የሚኖር አማርኛ አንባቢ የማብሪያውን ቀለብ በጥበቃው ሽቦ ላይ ሊያገናኝ ይችላል። «ኒውትራል» እና «የመሬት ሽቦ» ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ፌዝ። ይህ ተውሶ ቃል በጽሑፍ ከ«ፌዝ» (ቀልድ፣ ሹፈት) ጋር አንድ ይሆናል። «ፌዝ ሽቦ» ተብሎ ከተጻፈ ግርታው ይወገዳል።

የሚደበዝዝ አምፖል። ብርሃኑን እንደ ፈቃዳችን ልንቀንሰው የምንችለውን አምፖል በዚህ ስም መጥራት ጉድለት ያስመስለዋል፤ የሚደበዝዝ አምፖል ማን ይገዛል? «መጠነ» ከሚለው ግስ «ብርሃኑ የሚመጠን አምፖል» እና «የብርሃን መመጠኛ» ቢባል ፈቃዱ የተጠቃሚው መሆኑ ይታወቃል።

ዝቅተኛ ጭነት። «ዝቅተኛ ጭነት 40 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ማብሪያው ለአነስተኛ አምፖል የተሠራ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። የተፈለገው ግን ጭነቱ ከ40 ዋት ማነስ የለበትም ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ማብሪያ ላይ አንድ የ9 ዋት አምፖል ብቻ ቢገናኝ መርገብገቡ አይቀርም። «ከ40 ዋት የማያንስ ጭነት» ብሎ መጻፍ ይገባል።

የሚያፈስ ኮረንቲ። የውጭ ጽሑፎች በማብሪያው ንድፍ ታስቦበት በአምፖሉ የሚያልፈውንም፣ በብልሽት ከመሥመር ወጥቶ ወደ መሬት የሚሄደውንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። የመጀመሪያው አምፖል ያርገበግባል፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። የመጀመሪያውን «ሾላኪ ኮረንቲ»፣ ሁለተኛውን «አፈትላኪ ኮረንቲ» ብንላቸው ልዩነታቸው ይጠበቃል።

6. ማጠቃለያ

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የተመሠረተው በ1906 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሙያ መዝገበ ቃላቱን የመጀመሪያ እትም ያወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነበር። ያ ሥራ ያስተማረን ቁም ነገር ፅንሰ ሐሳቡ ከቃሉ መቅደም እንዳለበት ነው። በአማርኛም ለያዝነው ጉዳይ ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች ሦስት ግሶች ይሻሉ።

«ጠፋ» ስለ ብርሃኑ ብቻ ይነገር። «ተቋረጠ» ኮረንቲው በመሥመሩ ላይ ማለፉን ማቆሙን ይግለጽ። «ተነጠለ» ደግሞ መሥመሩ በብሬከሩ ከምንጩ መለየቱንና ይህም በመፈተሻ መረጋገጡን ያመልክት። እንግዲህ «አምፖሉን ከመቀየርዎ በፊት መብራቱን ያጥፉ» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ለኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ አይበቃም። በምትኩ «አምፖሉን ከመቀየርዎ በፊት መሥመሩን በብሬከሩ ከምንጩ ይነጥሉ፤ መነጠሉንም በመፈተሻ ያረጋግጡ» ሊባል ይገባል። ዐረፍተ ነገሩ ረዘም ብሏል፤ ነገር ግን በጨለማ መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን ወደ አምፖሉ ለሚዘረጋ አንባቢ በ«ጠፋ» እና በ«ተነጠለ» መካከል ያለው ልዩነት የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም።

«መብራት» የሚለውን ቃል ከሦስት ፍቹ አንዱን ብቻ እንዲይዝ ማስገደድ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሕዝብ «መብራት ጠፋ» እያለ ይኖራል፤ ልክ ነው። የተርጓሚው ድርሻ ሕዝቡ በዐውድ የሚለየውን በመመሪያ ገጽ ላይ በቃል መለየት ነው፤ በመመሪያ ገጽ ላይ የሚጠየቅ ሰው የለምና። እዚህ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች ተርጓሚዎች ከኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጋር በሥራ ላይ ቢፈትኗቸው፣ በየአውደ ጥናቱ የተሻለ ቃል የኖራቸውም ቢያሰሙ፣ የሚጸናው የሚጸና፣ የሚታረመውም የሚታረም ይሆናል።